አንዱ ወርዶ አንዱ ሲቀር፦ ጡት ከተሠሩ በኋላ የሚነሱ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ደርድሬ ሳያቸው ግማሹ አንድ ዓይነት ነው። ጡቷን የተሠራች ሴት መስታወት ፊት ቆማ አንዱን ከሌላው ታስተያያለች። ትደነግጣለች። ሐኪሟ ጋ መደወል ታፍርና ለእኔ ትጽፋለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ግን ለዓመታት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበርኩ። የማውቀውን እነግራችኋለሁ። በእጅ ተነክቶ መታየት ያለበትን ደግሞ ወደ ሠራችሁ ሐኪም እመልሳለሁ።

«ከተሠራሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ግራው ወረድ ብሎ ለስልሷል። ቀኙ ግን ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሐኪሙ አበላሸኝ ማለት ነው?»

አይ እህቴ፣ እንዲህ ለማለት ገና ነው። በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ የሚያሳይሽ ይበልጡን እብጠቱን ነው።

ኢምፕላንቱ፣ ማለትም ጡቱን ለማተለቅ የሚገባው በሲሊኮን ጄል ወይም በጨው ውሃ የተሞላ ከረጢት፣ ከደረት ጡንቻ ሥር ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል። ኢምፕላንቱን ወደ ላይ ገፍቶ ይይዘዋል። ቀስ በቀስ ጡንቻው ሲላላና የታችኛው ቆዳ ሲለጠጥ ነው ቁልቁል ወርዶ ቦታውን የሚይዘው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይፈጃል። 6 ወር የሚፈጅባትም አለች። ሁለቱ ጎኖች ደግሞ ተማክረው አይወርዱም። በቀኝ እጇ የምትሠራ ሴት የቀኝ ደረት ጡንቻዋ ብዙ ጊዜ ጠንከር ይላል፤ አርፈሽ ተቀመጪ ብትባልም ያንኑ እጅ ቶሎ ማንቀሳቀስ ትጀምራለች። ቀኙ ቢዘገይ አይገርምም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከመሠራትሽ በፊት እኩል ነበሩ? ብዙዎቻችን ልብ ብለን አይተናቸው አናውቅም። የአብዛኛዋ ሴት ጡቶች በመጠን፣ በጫፋቸው ከፍታ ወይም በቅርጻቸው ይለያያሉ። የጎድን አጥንት በአንድ በኩል ወጣ ሊል ይችላል፤ አንዱ ትከሻ ዘንበል ሊል ይችላል። ኢምፕላንቱ የሚቀመጠው በዚያው ደረት ላይ ነው፤ አጥንቱን አያቃናም። እንዲያውም ትንሽ የነበረው ልዩነት ጡቱ ሲተልቅ ጎልቶ ይወጣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳሽውን ፎቶ ከሐኪሙ ጠይቂና እይው። ብዙ ለቅሶ እዚያው ላይ ያበቃል።

ሌላው ምክሬ፣ በየቀኑ አትለኪ። በወር አንዴ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ እጅሽን ወደ ታች ለቀሽ ሌላ ሰው ከራቅ ብሎ ፎቶ ያንሳሽ። ሰልፊ እንዳትነሺ። ካሜራው ሲቀርብ ወደሱ የቀረበውን ጎን ያተልቀዋል፤ በሰልፊ እኩል የሆነ ጡት እኔ እስካሁን አላየሁም። «እሽው፣ ይወርዳል» የሚል ምክር ሰምተሽ ከሆነ ደግሞ ተይው። ማሸት ለአንዳንዱ ኢምፕላንት ይፈቀዳል፣ ለአንዳንዱ ይከለከላል። የሚያዝልሽ ያስገባልሽ ሐኪም ብቻ ነው።

«ባለቤቴ ትናንት ነው የተሠራችው። ከማታ ጀምሮ አንዱ ጡቷ እያበጠና እየተወጠረ ነው። ሌላው ደህና ነው። ማደንዘዣው ስለለቀቀኝ ነው እያለች ትታገሣለች። እስኪነጋ እንጠብቅ?»

ለዚህ ወንድሜ መልሱን የላክሁለት በዚያው ሰዓት ነው። እዚህ የማወጣው ለሌሎቻችሁ ነው። አይጠበቅም! በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ አንዱ ጡት ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከተወጠረ፣ ከበለዘና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ከፍቶ ደሙን ያወጣል፤ የሚደማውን ሥር ይዘጋል። ቶሎ ከተደረሰበት ውጤቱ ብዙ ጊዜ አይበላሽም። በእንዲህ ያለ ሌሊት አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን በራሳችሁ አትስጧት፤ ደም መፍሰሱን ሊያብሱት ይችላሉ።

ልዩነቱን ያዙልኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለና ቀስ በቀስ የሚሻሻል አለመመጣጠን ጊዜ ይሰጠዋል። ድንገት የመጣና በአንድ ወገን ብቻ የሚብስ ግን ስልክ ያስነሳል፣ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጡቱ ከቀላና ካተኮሰ፣ ከስፌቱ መግል ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ ያው ነው፤ ይደወላል። አንድ እግር ካበጠና ባቱን ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«በጎኔ መተኛት የምችለው መቼ ነው? በጀርባዬ መተኛት ሰለቸኝ።»

አይዞሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትራስ ደራርበሽ ከወገብሽ በላይ ከፍ ብለሽ በጀርባሽ ተኚ፤ እብጠቱን ይቀንሰዋል። በጎን መተኛት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይፈቀዳል። በሆድ መተኛት ከሁሉም መጨረሻ ነው። ቀኑን ሐኪምሽ ይቁረጥልሽ።

«አንደኛው የጡቴ ጫፍ ደንዝዟል። ሌላኛው ደግሞ ልብስ ሲነካው እንኳ ያመኛል። አንዳንዴ ኤሌክትሪክ እንደነካኝ ውር ይለኛል።»

ሁለቱም የነርቭ ነገር ነው። ኢምፕላንቱ የሚቀመጥበት ኪስ በጡት ውስጥ ሲዘጋጅ ወደ ጡት ጫፍ የሚሄዱት ቀጫጭን ነርቮች ይለጠጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይጎዳሉ። ያ ድንገተኛ ውርታ ብዙ ጊዜ ነርቩ እያገገመ እንደሆነ ያሳያል። ነርቭ ዝግተኛ ነው። ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ጥቂት ሴቶች ላይ ድንዛዜው እስከመጨረሻው ይቀራል፤ ይህንን አልደብቅሽም። እስከዚያው የደነዘዘው ጎን ላይ ትኩስ የውሃ ከረጢትም ሆነ በረዶ አታድርጊ። ስለማይሰማሽ ይጎዳሻል።

«ጠባሳዬ ጠቁሮ አብጧል፣ ያሳክከኛልም። አራት ወሬ ነው።»

በአራት ወር ጠባሳ ገና ጥሬ ነው። እስኪበስል ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። በመሀል መቅላቱ፣ መጥቆሩና ማሳከኩ የተለመደ ነው። የሲሊኮን ቅባት ወይም ልጥፍ ለወራት ሳያቋርጡ መጠቀም ይረዳል፣ ከፀሐይም መሸፈን አለበት። ጠባሳው ከስፌቱ መስመር አልፎ ወደ ጤነኛው ቆዳ ከተስፋፋ ግን ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ለዚህ የበለጠ እንጋለጣለን። እያደር ከመትለቁ በፊት ለሐኪም አሳዪው፤ ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት በመርፌ ጠባሳው ውስጥ ይሰጣል። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ደግሞ ለቁስልሽ የሚደርሰውን ደም እየቀነስሽበት ነው። ሺሻም ያው ነው፣ እሱን አትቆጥሩትም እንጂ!

«ከተሠራሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ቆንጆ ነበሩ። አሁን ግራው እየጠነከረና ወደ ላይ እየሸሸ ነው። ገና አልወረደም ልበል?»

አይባልም። ከዓመት በላይ ወርዶ ቦታውን ይዞ የነበረ ጡት ተመልሶ ከወጣ ሌላ ምክንያት አለው። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በስስ የጠባሳ ሽፋን ይከበዋል። ይህ ለሁሉም ሰው የሚሆን ነው፣ ችግርም የለውም። ችግሩ ሽፋኑ ሲወፍርና ኢምፕላንቱን ጨምቆ ሲይዘው ነው። ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛው ለስላሳና ጤነኛ ጡት ነው። ሁለተኛው ሲነካ ጠጠር ይላል፣ ቅርጹ ግን ደህና ነው። ሦስተኛው ጠንክሮ ቅርጹም ይበላሻል። አራተኛው በዚያ ላይ ሕመም ይጨመርበታል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ሽፋኑን አውጥቶ ኢምፕላንቱን መቀየር ይጠይቃሉ። ያንቺ ሦስተኛው ይመስላል፣ ግን በደብዳቤ ደረጃ አይወጣም። ቀጠሮ ያዢ። ቤት ውስጥ በኃይል ጨምቀሽ ልታፈርሺው እንዳትሞክሪ።

«ኢምፕላንት ካስገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ምንም ሳልሆን አንዱ ጡቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ አበጠ። አያምም።»

አያምም ብለሽ አትዘናጊ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ እብጠት በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ፈሳሽ ከተገኘ ተቀድቶ ይመረመራል። ምክንያቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ጡቱ ተመትቶ። ገጻቸው ሻካራ ከሆኑ ኢምፕላንቶች ጋር የተያያዘ፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚከሰት የሊምፎማ (የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር) ዓይነት ስላለ ግን ፈሳሹ ለእሱም ይመረመራል። አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚላቸውን ሻካራ ኢምፕላንቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ የሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። ቶሎ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ኢምፕላንቱንና ሽፋኑን በማውጣት ይድናል። ሲገባልሽ የተሰጠሽ የኢምፕላንት ካርድ ካለ ፈልጊው። ዓይነቱና ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው።

ካርዱን ካነሳን አይቀር፣ ዓይነቱን ማወቅ ለዚህም ይጠቅማል፦ የሲሊኮን ኢምፕላንት ቢቀደድም ጄሉ እዚያው ስለሚቆይ ላይታወቅ ይችላል። በጨው ውሃ የተሞላው ከተቀደደ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፣ ሲሊኮኑ ግን ዝም ይላል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲሊኮን ያላቸው ሴቶች ምንም ባይሰማቸውም ከ5 እስከ 6 ዓመት ላይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታዩ የሚመክረው።

«ሁለት ወሬ ነው። ድጋሚ ይሠራልኝ ብል ሐኪሙ 6 ወር ጠብቂ አለኝ። ዕድሉ ሊያመልጠኝ ይሆን?»

አይመስለኝም። እብጠት ሳይወርድ፣ ቆዳው ሳይረጋ ድጋሚ የሚቆርጥ ሐኪም ቢያጋጥምሽ ነው የምፈራልሽ። የሚንቀሳቀስ ዒላማ ላይ መተኮስ ነው። ጥበቃው ግን ባዶ እንዳይሆን ክትትልሽን አታቋርጪ፣ በየቀጠሮው ፎቶ ይነሳ፣ ልኬቱ ይጻፍ። ስድስት ወር ሞልቶ ልዩነቱ እንዳለ ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቂው። ልዩነቱ የኪሱ ነው፣ የኢምፕላንቱ ነው ወይስ የራሴ ደረት? ቢስተካከል ምን ያህል ይስተካከላል? ወጪውስ የማን ነው? መልሱ ካላጠገበሽ ሌላ ሐኪም ማማከር መብትሽ ነው፤ ማኩረፍም አያስፈልግም።

«ለሠርግ የሚሆን ቆንጆ ጡት መያዣ ልገዛ ነው። ከተሠራሁ አንድ ወር ሆኖኛል። ስንት ቁጥር ልግዛ?»

ምንም አትግዢ! በሦስት ወር ውስጥ ቁጥርሽ ይቀየራል። ሽቦ ያለው ደግሞ ስፌቱ ላይ ስለሚያርፍ ለጊዜው አይፈቀድልሽም። የሰጡሽን ደጋፊ ጡት መያዣ እያጠብሽ ልበሺ። ሠርጉ ከቀደመ ደግሞ ቀሚሱን ጡት መያዣ የማያስፈልገው አድርገሽ አሰፊው፣ ግን መጀመሪያ ያለ ድጋፍ መዋል ትችይ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ።