ቤቱ የኔ ነው፤ ኪራዩስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቤሩት ሰባት ዓመት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ብር የደረሰኝን ኮንዶሚኒየም ቅድሚያ ክፍያ ከፍዬ ተረክቤያለሁ። አሁን አከራይቼዋለሁ፣ የባንክ ዕዳው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከሁለት ወር በኋላ ላገባ ነው። እጮኛዬ ጥሩ ሰው ነው። ግን የጋብቻ ውል እንፈራረም ስለው «ገና ሳንጋባ ፍቺ ታስቢያለሽ?» ብሎ ተቀየመኝ። እናቴም ነውር ነው ትለኛለች። ልተወው? ቤቴንስ አጣው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርሽና ትንሽ ልብሽ ይረፍ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ስታገቢ በእጅሽ የነበረው ንብረት የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል ይላል። ውል ባትፈርሚም ቤቱ ስላገባሽ ብቻ የጋራ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ኪራዩ ላይ ነው። በአንቀጽ 62 መሠረት ባልና ሚስት በጥረታቸውም ሆነ ከግል ንብረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ስለዚህ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ተከራይሽ የሚከፍልሽ ብር የሁለታችሁ ነው። ደሞዝሽም እንደዚያው፣ የሱም ደሞዝ እንደዚያው። አሁን ዕዳውን አስቢው። በየወሩ ባንክ የምታስገቢው ከኪራዩ ወይም ከደሞዝ የሚወጣ ከሆነ፣ ቤቱ ያንቺ ሆኖ ዕዳው በጋራ ገንዘብ እየተከፈለ ነው ማለት ነው። አያድርገውና ከአሥር ዓመት በኋላ ብትለያዩ ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፣ እሱም «እኔም ከፍያለሁ» ቢል እውነቱን ነው። ውሉ እሱንም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ይህን በደንብ ንገሪው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሕጉ የባልና ሚስት ንብረት ሁሉ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። የዕጣውን ማስረጃ፣ የቅድሚያ ክፍያውን ደረሰኝ፣ ከቤሩት ብር የላክሽበትን ወረቀት ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጪ። ዛሬ አድርጊው፣ ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋልና ኮፒም አድርጊ።

ውሉ ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ መደረግ አለበት፣ አራት ምስክሮችም ይፈርሙበታል፣ ሁለት ባንቺ ሁለት በሱ በኩል። ከተጋባችሁ በኋላ የምትዋዋሉት ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። የልጅ ቀለብን የሚያስቀር ነገር ደግሞ አትጻፉበት፣ አይጸናም። የምታገቡት ክልል ከሆነ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ሊኖረው ስለሚችል ጠበቃ አማክሩ።

እናትሽ ነውር ነው ማለታቸው አሳዘነኝ። አያቴ ጎጃም ስትዳር ከሁለቱም ወገን የሚመጣው በሬና ላም በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ ተቆጥሯል፣ ማን ምን እንዳመጣ ምስክሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ማንም ፍቺ አሰባችሁ ብሎ አልተቀየመም። የጋብቻ ወረቀቱን እስከ ዛሬ ሰማንያ የምንለውም ከዚያው ከድሮው የውል ጋብቻ ወርሰነው ነው። ይህን ለእናትሽ አስታውሻቸው፣ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ለእጮኛሽ ደግሞ «ውል» ብለሽ አትጀምሪለት። አንድ ቅዳሜ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡና የባንኩን የክፍያ ወረቀት አሳይው። ስንት ዓመት እንደቀረው ይቁጠረው። «ይህን ከምን እንክፈለው? ኪራዩስ የት ይግባ?» በይው፣ ሐሳቡንም ስሚ። ምናልባት ኪራዩ ዕዳውን ይክፈል፣ ደሞዛችን ለቤታችን ይሁን ይልሽ ይሆናል። የተስማማችሁበት ነው ውሉ ላይ የሚጻፈው። ከሱ ወገን ከሚፈርሙት አንዱ የሚያከብረው አጎቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ቢሆን ጥሩ ነው። ብቻ ነገሩን እስከ ሠርጉ ሳምንት አታቆይው። ያኔ ድግሱ፣ ቬሎው፣ እንግዳው ሁሉ ተደራርቦ ወረቀት ብታቀርቢለት በጥድፊያ ይፈርማል ወይም ይኮርፋል፣ ሁለቱንም አልወድልሽም።