መልስ፦ ጃማይካዊቷን ጓደኛህን የኢትዮጵያ ቪዛ እያላት ከኪንግስተን (ከጃማይካ ዋና ከተማ) ለምን አላሳፈሯትም?

ችግሩ የኢትዮጵያው ኢ-ቪዛ (በኢንተርኔት የሚወጣው ቪዛ) ሳይሆን በኒውዮርክ በኩል የተቆረጠው ትኬት ነው። አሜሪካ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ ከኤርፖርት ባይወጣም በኢሚግሬሽን ያልፋል። ስለዚህ ጃማይካዊቷ ጓደኛህ የአሜሪካ የትራንዚት (የመሸጋገሪያ) ወይም የጎብኚ ቪዛ ከሌላት አያሳፍሯትም። በቶሮንቶ በኩል ቢሆንም የካናዳ ቪዛ ትጠየቃለች። ከጃማይካ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስለሌለ መጀመሪያ የሚታሰበው መሸጋገሪያው አገር ነው።

ሐምሌ 16 የጃንሆይ ልደት ሻሸመኔ ሲከበር እንድትደርስ፦

1. ትኬቱን በአውሮፓ በኩል ቀይሩት፤ ግን ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ይሁን። ሁለት የተለያየ ትኬት ከሆነ ሻንጣ ለመቀበል መውጣት ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ የሸንገን ቪዛ (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልጋል። በሁለት የሸንገን አገሮች የሚያልፍ በረራም ያው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አየር መንገዱን በጃማይካ ፓስፖርት ጠይቁ።

2. የኢ-ቪዛው ጊዜ የሚቆጠረው ቅጹ ላይ ከሞላችው የመድረሻ ቀን ጀምሮ ነው። አዲሱ በረራ ከዚያ ቀን ቀድሞ እንዳያስገባት። ሐምሌ 16 ማለት ጁላይ 23 ነው፤ ቀን ስትለዋወጡ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍላት።

ብዙዎች የሚቸገሩት ሲመለሱ ነው። ጃማይካ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ወደዚህ ስትመጣ ስለማይጠይቋት ትረሳዋለች። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ እዚያው ሳለች ትከተብ፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።