«ኃይሌ በድካም ይፈጸማል»፦ ልፋት ወይስ አቅም ማጣት?

ጥያቄ፦ ለታኅሣሥ 19 ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ በእግር ስንጓዝ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ጓደኛዬ «በርታ! ኃይሌ በድካም ይፈጸማል ተብሏል፤ እኛ ስንለፋ ነው እርሱ የሚያግዘን» አለኝ። ጥቅሱ እንዲህ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጓደኛዎ ለማጽናናት ብለው ቃሉን ገልብጠውታል። ስሕተቱን ከመድረክም ስለምሰማው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ጥቅሱ ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ ነው (2ኛ ቆሮ. 12፥9)። «ድካም» የተባለው የግሪኩ ቃል «አስቴኔያ» ነው፤ አቅም ማጣት። ልፋት ቢሆን ኖሮ «ኮፖስ» ይባል ነበር። መስተዋድዱ «በ»ም መሣሪያን ሳይሆን ሁኔታን ያመለክታል፤ «በችግር ጊዜ» እንደምንለው። «ይፈጸማል» ደግሞ «ይከናወናል» አይደለም፤ ፍጹም ይሆናል፣ ይሞላል ማለት ነው። ሦስቱም ቃላት በአንድ ላይ ስለተሳሳቱ ትርጉሙ ተገለበጠ።

የግዕዙ «ድኩም» መዛልንም አቅም ማነስንም ይዟል። አማርኛችንም «ደካማ» ሲል የለፋውን ማለቱ አይደለም። ሐረር ያሉ አሮጊት ጎረቤቴን ማለዳ «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ደክሜአለሁ ልጄ» ይሉኛል። ገና ምንም አልሠሩም። በራፋቸው ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠው፣ ወደ መድኃኔዓለም የሚወስዳቸውን የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይጠብቃሉ። የጳውሎስ ድካም ይህ ነው። «የእግዚአብሔርም ድካም ከሰው ይልቅ ይበረታልና» (1ኛ ቆሮ. 1፥25) የሚለውንስ በልፋት ማን ይፈታዋል?

አንዳንዶች በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ይወቅሳሉ፤ «ድክመት» ቢል ግልጽ ይሆን ነበር ባዮች ናቸው። አልቀበልም። «ድክመት» የመሥሪያ ቤት ግምገማ ይሸተኛል፤ ጥንካሬና ድክመት ተብሎ በሰንጠረዥ የሚሞላ፣ በሥልጠና የሚታረም ጉድለት ነው። ጳውሎስ የሚመካበት ድካም የሚታረም አይደለም፤ የክርስቶስ ኃይል የሚያድርበት ቦታ ነው። ቢሆንም ወጣት ሰባክያን «በድክመቴ» ሲሉ ምእመኑ ያለ ጥርጥር ይረዳቸዋል፤ «በድካሜ» ሲሉ ግን እንደ ጓደኛዎ የሚሳሳት አለ። ይህን ሳልወድ እቀበላለሁ። እኔ ግን «ድካም» እንዳልሁ እኖራለሁ።

ተከራካሪዎቼ አንድ እውነት አላቸው፤ ያው ትርጉም «ኮፖስ»ንም «ድካም» ብሎታል። ስለዚህ ለደንገጎ ዳገት ጥቅስ ካስፈለገ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥58 አለ፦ «ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይሆን»። እዚያ ልፋት ማለት ነው። ያኛውን ግን ጉልበትዎ ለከዳዎት ሰዓት ያቆዩት።