ሦስት ማታ የፈጀብሽ ጥገና

እህቴ፣ የኔትወርክ ሙያ ልጀምር ያልሽበትን ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ አባትሽ፣ ስለ ኮርሱ ክፍያ፣ ስለ ሳይበር ሴኩሪቲ (ኔትወርክን ከጥቃት ስለ መከላከል)፣ ስለ እንግሊዝኛሽም ጠይቀሽኛል። ልቤን የያዘው ግን መሃል ላይ እንደ ዘበት ጣል ያደረግሽው ነገር ነው። የቤታችሁ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አልገባ ብሎሽ ሦስት ማታ ታገልሽው። በመጨረሻ የኔትወርክ አድራሻውን፣ አይፒ የሚሉትን ቁጥር፣ በእጅሽ ሞልተሽ ሠራ። ሁለት ቀን ሳይቆይ የወንድምሽ ስልክ ከዋይፋዩ ወጣ፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ተቋረጠ። ከዚያ «እንዲህ ያለች ቀላል ነገር ካቃተችኝ፣ ይህ ሙያ የእኔ አይደለም ማለት ነው?» አልሽ።

እንደዚያ ማለት አይደለም። አብዛኛውን መልሴን እዚህ ላይ አውለዋለሁ፤ የቀሩት ጥያቄዎችሽ አጭር መልስ ይበቃቸዋል።

መጀመሪያ የሆነውን እንየው። የላክሽልኝ የደብተርሽ ፎቶ ላይ ኮምፒውተሩ የያዘው አድራሻ በ169.254 ይጀምራል። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን አለ?» ብሎ ይጣራል። ቤት ውስጥ የሚመልስለት አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ራውተሩ «ይቺ አለችልህ» ይለዋል። ኮምፒውተሩ «እሺ፣ እሷን ስጠኝ» ይላል። ራውተሩም ያጸድቅለታል። በቃ፣ አራት መልእክት ነው። ዲኤችሲፒ የምንለው ይኸው ነው፤ ዛሬም ድረስ የምንሠራበት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዊንዶውስ ተጣርቶ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ፣ ከ169.254 ወገን አንድ አድራሻ ለራሱ ያወጣል። በዚያ አድራሻ ኢንተርኔት አይገባም። እንግዲህ ኮምፒውተርሽ ሦስት ማታ ሙሉ ሲልሽ የነበረው «ጠራሁ፣ መልስ አልደረሰኝም» ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መልሱ የት ቀረ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አድራሻ ካጣ ወደ ራውተሩ ይኬዳል። አንዱ ብቻ ካጣ ወደዚያው ወደ አንዱ። አንቺ ይህን ማንም ሳይነግርሽ ሠርተሽዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የወንድሜ ስልክ ይሠራል፣ የእናቴም ይሠራል» ብለሽ ጽፈሻል። ኬብልም ሰክተሽ ሞክረሻል፤ ያው ነው። ስለዚህ ራውተሩም ዋይፋዩም ከጥርጣሬ ወጡ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ፣ ከቀኑ ሥር፣ «ዛሬ አዲስ አንቲቫይረስ ጫንኩ» የሚል መስመር አለ። ያቺን መስመር ሳያት ከወንበሬ ተነሣሁ። አንዳንድ አንቲቫይረስ ከራሱ ፋየርዎል፣ ማለትም ከኔትወርክ የሚገባውንና የሚወጣውን ከሚፈትሽ ዘበኛ ጋር ይመጣል፤ ያ ፋየርዎል የራውተሩን መልስ በር ላይ ሊያስቀረው ይችላል። የእኔ ጥርጣሬ እዚያ ላይ ነው። ፍንጩን በራስሽ እጅ መዝግበሽው ነበር። የቀረሽ መልሶ ማንበብ ብቻ ነው።

አድራሻውን በእጅሽ ስትሞይ ለምን ሠራ? መጠየቅ ስላላስፈለገው። ለምንስ ተበላሸ? 192.168.1.5ን ለኮምፒውተሩ ስትሰጪ ራውተሩ አልሰማም። በእሱ መዝገብ ያቺ አድራሻ ባዶ ናት። የወንድምሽ ስልክ ሲጠይቀው አንሥቶ ሰጠው። አንድ አድራሻ ለሁለት ሆነ፤ ሁለቱም ተደነቃቀፉ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። አድራሻውን በራሱ እንዲያገኝ መልሺው። አንቲቫይረሱን ማጥፋት ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ለጊዜው ከኮምፒውተሩ አንሺውና ሪስታርት አድርጊ፤ የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ እስከዚያው ይሠራል። ከዚያ የዊንዶውስን የትእዛዝ መስኮት (Command Prompt) ክፈቺና መጀመሪያ ipconfig /release፣ ቀጥሎ ipconfig /renew ብለሽ ጻፊ፤ የመጀመሪያው የያዘውን አድራሻ ይለቃል፣ ሁለተኛው አዲስ ይጠይቃል። አድራሻው በ192.168 ከጀመረ ተገኘ። ካልሆነ ዲኤችሲፒ ክላይንት የሚባለው፣ አድራሻ የሚጠይቀው የዊንዶውስ ሰርቪስ መሥራቱን እዪ። በኔትወርኩ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳይ ዋየርሻርክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ እሱን ከፍተሽ አራቱን መልእክቶች በዓይንሽ ተመልከቺ። ራውተሩ ሲመልስ እያየሽ ኮምፒውተሩ ካልተቀበለው፣ ብዙውን ጊዜ አጋጁ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ጥሪው ብቻ ወጥቶ መልስ ካልመጣ ግን እኔ ተሳስቻለሁ፤ ወደ ራውተሩ ተመለሺ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለአንድ ኮምፒውተር ብዬ አይደለም። እኔ ሥራ የጀመርኩት ሄልፕ ዴስክ ላይ፣ ኮምፒውተር ለተበላሸባቸው ሠራተኞች ስልክ በማንሣት ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ጥቂት ኮምፒውተሮች በየጊዜው ኢንተርኔት ያጡ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሪስታርት አድርጊው» እያልኩ መለስኳቸው። ሲሠራ ደስ እያለኝ ስልኩን እዘጋ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሠራተኛ «ግን ለምንድን ነው የሚሆነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አፍሬ ወርጄ ስፈልግ አንድ ሰው ጠረጴዛው ሥር የራሱን ትንሽ ራውተር ሰክቶ አገኘሁ። እሱም አድራሻ ያድል ነበር፤ ቀድሞ የመለሰላቸው ሁሉ ወደተሳሳተ መንገድ ይሄዱ ነበር። ሙያዬ የጀመረው በዚያን ቀን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ለሥራ ኢንተርቪው አድርጌአለሁ። ሁልጊዜ «በቅርቡ ያቃተህን ነገር ንገረኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ «አጥፍቼ አበራሁት፣ ተስተካከለ» ብለው ያቆማሉ። አንቺ ምን እንደሞከርሽ፣ በስንት ሰዓት እንደሞከርሽ፣ ምን እንዳየሽ ስድስት ገጽ ጽፈሻል። ፍጥነት በጊዜው ይመጣል። ይህን ልማድ ግን ለጎልማሳ ሠራተኛ ማስተማር እንዴት እንደሚከብድ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ወደ አባትሽ ልለፍ። «ጠጋኝ ልትሆኚ ነው? አካውንቲንግ ተማሪ» ብለውሻል። እንደሚወዱሽ አልጠራጠርም፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ባንክም ሆስፒታልም የሚቆመው አንድ ሰው ኔትወርኩን ሲጠብቀው ነው፤ ያንን ሰው ግን አይተውት አያውቁም። አካውንቲንግ ጥሩ ሙያ ነው፤ ለሚወደው ሰው። አንቺ እንደማትወጂው በደብዳቤሽ ሦስት ቦታ ጽፈሻል። ለእሳቸው አትዋሺ፤ የመጀመሪያው ደሞዝ ትንሽ ነው፣ ፈረቃም አለው። ይህን ራስሽ ንገሪያቸውና አንድ ዓመት ጠይቂያቸው። በዓመቱ ውስጥ የሄልፕ ዴስክ ሥራ ካላገኘሽ እንደገና ተነጋገሩ።

ለኮርሱ ገንዘብ አትበደሪ። መሠረቱን በነጻ መማር ይቻላል። ሰርተፍኬት ከፈለግሽ አንብበሽ ስትጨርሺ ለፈተናው ብቻ ክፈይ። ሳይበር ሴኩሪቲ ይቆይ፤ ጤነኛ ኔትወርክ ምን እንደሚመስል በየቀኑ ያላየ ሰው የታመመውን መለየት ይከብደዋል። እንግሊዝኛሽ ደግሞ የስህተት መልእክት አንብቦ ለመረዳት ይበቃል፤ ደብተርሽ ላይ አይቻለሁ።

ሲቪሽ ላይ «ኮምፒውተር እችላለሁ» የሚለውን መስመር አውጪው። በምትኩ ይህን ችግር በአራት መስመር ጻፊ፤ ምን ታየ፣ ምን ሞከርሽ፣ የቱ ስህተት ነበር፣ ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ። አራተኛውን መስመር የምትሞይው አንቲቫይረሱን ካነሣሽ በኋላ ነው። ያገኘሽውን ጻፊልኝ።