ስማርት ቤትን እንደ አዲስ መጀመር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ለአራቱ እመልሳለሁ። አራቱም የቤታቸውን ገመድ አልባ ኔትወርክ እንደገና ለመጀመር ከሚፈልጉ፣ ወይም ጀምረው መንገድ ላይ ከቆሙ ሰዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍብኝ ራውተሩን ሪሴት አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የለም፤ ስማርት አምፖሎቹና ሶኬቶቹም ጠፍተውብኛል። ሁሉንም አንድ በአንድ ማገናኘት ይኖርብኛል?

መልስ፦ ላይኖርብዎት ይችላል። አጥፍቶ ማብራትና ሪሴት ማድረግ የተለያዩ ናቸው። በቀጭኑ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ቁልፍ በመርፌ ጫፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ በዚህም የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን፣ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ለመስመርዎ የሰጠው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጭምር ሊጠፋ ይችላል። ኢንተርኔቱ የቆመው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርምና፣ መጀመሪያ እነዚህን ከድርጅቱ ጠይቀው ያስገቡ። ቀጥሎ ለዋይፋዩ የቀድሞውን ስምና የይለፍ ቃል፣ ትልልቅና ትንንሽ ፊደላቱ ሳይቀሩ፣ ልክ እንደነበሩ ይስጡት። አምፖሎቹ የሚያስታውሱት እነዚህን ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ማንም ሳይነካቸው ይመለሳሉ። የማይመለሱ ካሉ፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርትዝ በተባለው የዋይፋይ ሞገድ ብቻ በመሆኑ ራውተሩ ላይ እሱ መከፈቱን፣ እንዲሁም የጥበቃው ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 2ን የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ፤ የቆዩ ዕቃዎች ደብሊው ፒ ኤ 3ን አያውቁትም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ በገዛነው ቤት ውስጥ የቀድሞው ባለቤት የተዋቸው የዜድ-ዌቭ (ስማርት ዕቃዎች ያለ ሽቦ የሚነጋገሩበት አንዱ ዘዴ) ማብሪያ ማጥፊያዎችና የበር ቁልፍ አሉ። አዲስ ሀብ (ዕቃዎቹን የሚያገናኝና የሚያዝ ማዕከላዊ መሣሪያ) ብገዛም አንዱንም አልቀበል አለ። ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሹም፤ አሁንም የቀድሞው ኔትወርክ አባላት ስለሆኑ ነው። የዜድ-ዌቭ ዕቃ በአንድ ጊዜ የአንድ ኔትወርክ አባል ብቻ ይሆናል፤ የዚያን ኔትወርክ መለያም በውስጡ ይዞ ይኖራል። የቀድሞው ባለቤት ሀብ ከቤቱ ቢወጣም ማብሪያ ማጥፊያዎቹ የእሱን ትእዛዝ እየጠበቁ ቀርተዋል። መፍትሔው ኤክስክሉዥን የሚባለው የማስወጣት ሥራ ነው። አዲሱን ሀብ በዚህ ሁኔታ ላይ ያድርጉትና፣ ወደ እያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ሄደው መመሪያው እንደሚያዘው ቁልፉን ይጫኑ፤ ዕቃውን ያስገባው ሌላ ሀብ ቢሆንም እንኳ የእርስዎ ሊያስወጣው ይችላል። ከዚያ እንደ አዲስ ያስገቡት።

ይህ የራሱን ሀብ አጥፍቶ መጀመር ለሚፈልግ ሁሉ ይጠቅማል። ዕቃዎቹ መጀመሪያ ይውጡ፣ ሀቡ በመጨረሻ ሪሴት ይደረግ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ሀቡ አዲስ መለያ ሲይዝ ዕቃዎቹ አሮጌውን ይዘው ይቀራሉ፣ በአንድ ቅዳሜ ማለቅ የነበረበት ሥራም ሳምንት ይፈጃል።

በበሩ ቁልፍ ላይ ግን ማስወጣቱ ብቻ አይበቃም። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የሚስጥር ቁጥር በውስጡ ሊቀር ስለሚችል፣ ቁልፉን ራሱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልሰው ዋናውን ኮድ ይለውጡ። የልጆችዎ መኖሪያ ነውና ይህን ለነገ አያሳድሩት።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የዚግቢ (እንደ ዜድ-ዌቭ ያለ ሌላ ገመድ አልባ ዘዴ) ሴንሰሮቼን በሙሉ አውጥቼ እንደገና ካስገባሁ ወዲህ፣ በሩቅ ክፍል ያሉት በየጊዜው ይጠፋሉ።

መልስ፦ ምክንያቱ ያስገቡበት ቅደም ተከተል ይመስለኛል። በዚግቢ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚያገኙ ሶኬቶችና አምፖሎች አብዛኛውን ጊዜ የሌሎችን መልእክት ያቀባብላሉ፤ በባትሪ የሚሠሩት ግን አያቀባብሉም። ስለዚህ ከሀቡ አጠገብ ካለው ሶኬት ጀምረው ወደ ሩቁ ይሂዱ፤ ሴንሰሮቹን በመጨረሻ፣ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ እንዳሉ ያስገቡ። ዋይፋይዎ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ቻናል 1 ወይም 6 ላይ ከሆነ ደግሞ ዚግቢውን ወደ 25 ማድረግ ሁለቱን ያራርቃቸዋል። ቻናልን በኋላ መለወጥ ዕቃዎቹን ደግሞ ማስገባትን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ቀን ይወሰን።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር አንዳንድ አምፖሎቼ ብልጭ ድርግም እያሉ ይቆያሉ፤ ከኔትወርኩም ይወጣሉ። ሁሉንም ሪሴት ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም፤ አምፖሎቹ በመቆራረጡ ምክንያት ሪሴት እየሆኑ ነው። አምፖል የሚጫኑት ቁልፍ ስለሌለው፣ ብዙ አምራቾች ሪሴቱን በተከታታይ ጥቂት ጊዜ በማጥፋትና በማብራት እንዲሆን አድርገውታል። መብራት ሲመለስ ሄድ መጣ ካለ፣ አምፖሉ ባለቤቱ እንዳዘዘው ይቆጥረዋል። በየጊዜው መሰላል ከመውጣት ይልቅ ተራ አምፖል አድርገው፣ በግድግዳው ላይ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ቢያስገጥሙ እመርጣለሁ፤ የእሱ ሪሴት ብዙውን ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ ነውና መቆራረጡ አያሳስተውም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው በማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ውስጥ የኒውትራል ሽቦ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) መኖሩን ያሳዩ፤ ከሌለ ያለ ኒውትራል የሚሠራውን ዓይነት መርጠው ይግዙ።