ፎርት ላራሚ በአርቪ ያስኬዳል ወይ?

ሰላም እህቴ፣ «ስድስት ሆነን ለሌበር ደይ በዓል አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው ትልቅ መኪና) ተከራይተን፣ ከዴንቨር ተነስተን ዋዮሚንግ ወዳለው የድሮ የጦር ምሽግ ፎርት ላራሚ ልንሄድ ነው፤ ፍርስራሽ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬዳል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኛ ዓምና ሄደን ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ። ያስኬዳል። እንደ ፋሲል ግንብ ያለ ነገር ከጠበቃችሁ ግን ቅር ይላችኋል።

አድራሻውን በደንብ ጻፉ። ጂፒኤሱ ላይ «ላራሚ» ብቻ ካላችሁ አይ-80 አውራ ጎዳና ላይ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይወስዳችኋል። ምሽጉ ሌላ ቦታ ነው፦ በአይ-25 ሻየን ከተማን አልፋችሁ፣ በ26 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። የዋዮሚንግን ነፋስ ደግሞ አትናቁት። አርቪ ቁመቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋሱ ጎኑን ሲመታው መሪው ከእጅ ይነጠቃል። ለረጃጅም መኪና መንገዱ ተዘግቷል ከተባለ ቁጭ ብላችሁ ቡና አፍሉ። ብቻ ውጭ ቁሉት፤ ውስጥ ከተቆላ የጭስ ማንቂያው ጮሆ ሰፈሩን ሁሉ ያስወጣባችኋል።

ቦታውን በ1834 የከፈቱት የቆዳ ነጋዴዎች ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው)። በ1849 የአሜሪካ ጦር ወደ ኦሪገንና ካሊፎርኒያ የሚጎርፈውን መንገደኛ ለመጠበቅ በ4,000 ዶላር ገዛው፤ በ1890 ለቆ ወጣ። በጦሩ ዘመን ዙሪያውን አጥር ስላልነበረው የምታዩት ሰፊ የሰልፍ ሜዳ፣ የታደሱ ቤቶችና ጣሪያ አልባ ግድግዳዎች ነው። መግቢያው ነጻ ነው። የ1874ቱን የፈረሰኞች መኝታ ሳታዩ እንዳትወጡ፤ አልጋዎቹ ተደርድረው፣ ብርድ ልብሱ ተነጥፎ፣ ወታደሮቹ አሁን ለሰልፍ የወጡ ነው የሚመስለው። በድሮው የወታደሮች መጠጥ ቤት በፈረንጅ በጋ ሩት ቢር የሚባል አልኮል የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ይሸጣል። ለእኔ መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል፣ እናንተ ሞክሩት።

ዋናው ነገር ግን የ1868ቱ ውል ነው፤ አንብባችሁ ሂዱ። መንግሥት ብላክ ሂልስ የሚባለው ተራራማ አገር የላኮታዎች (የአገሩ ነባር ሕንዶች) እና የወገኖቻቸው ነው ብሎ የተፈራረመው እዚሁ ነው። በ1874 ወርቅ ተገኘ፣ በ1877 መሬቱ ተወሰደ። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲከፈላቸው ወሰነ። እነሱ ግን መሬታችንን እንጂ ገንዘብ አንፈልግም ብለው እስካሁን አልነኩትም። እኛ በዚህ ጉዳይ እራት ላይ ጀምረን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አንዱ «ብሩን ተቀብለው መሬቱን አይገዙበትም?» ሲል ሌላዋ «የገዛ ርስቱን ማን በብር ይገዛል?» አለችውና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ግቢው ውስጥ ማደር አይቻልም። አቅራቢያው ያለው ጉርንሲ ስቴት ፓርክ ለአርቪ ማደሪያ አለው፤ ለሌበር ደይ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ያዙ። እዚያው ጉርንሲ አጠገብ የእነዚያ ወደ ኦሪገንና ካሊፎርኒያ ይጎርፉ የነበሩት መንገደኞች ጋሪ ድንጋዩን እስከ 5 ጫማ ድረስ ፈልፍሎ ያለፈበት መንገድ አለ። ውስጡ ገብታችሁ ስትቆሙ ደረታችሁ ድረስ ይውጣችኋል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሂዱ፤ እባብ ስለሚኖር ነጠላ ጫማ አታድርጉ።