የባማኮው ፎቶ አንሺ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በፎቶ ቤት ሥራ እተዳደራለሁ። የማሊው ሰይዱ ኬይታ ሥራውን እንዴት እንደጀመረና ከደንበኞቹ ጀርባ የሚታየው ባለጥለት ጨርቅ ምን እንደሆነ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ኬይታ በልጅነቱ አጎቱ በሰጡት ኮዳክ ካሜራ ፎቶ ማንሳት ጀምሮ፣ አገሩ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። የጠየቁት ጨርቅ መጀመሪያ ላይ የገዛ የአልጋ ልብሱ ነበር። ወጪ ለመቆጠብ ሲል ደንበኛውን በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያነሳ፣ የአንገቱን አዟዟርና የእጁን አቀማመጥ አስቀድሞ ያስተካክል፣ ለፈለገም ሰዓት፣ ሬዲዮ ወይም ሙሉ ልብስ ያውስ ነበር። ከነጻነት በኋላ የመንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። የሚያስገርመው፣ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ሲታዩ አንሺያቸው አልታወቀም ተብሎ ነበር።